የልጅ ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ፦ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ልጅ ሆዱን ሲያመው መጀመሪያ የሚመጣው ፌጦ ነው። ከዚያ ጤና አዳም። ከዚያ «እስኪ ይደር» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጉዳት የለውም፤ የልጅ ቁርጠት በራሱ መጥቶ በራሱ ይሄዳል። ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቱ ግን ትርፍ አንጀት ነው። ትርፍ አንጀት ደግሞ ማሳደርን አይወድም።

ደሴ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ የደረሰልን ልጅ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። የፈነዳበት ልጅ ግን ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይተኛል። በአፍንጫው ቱቦ፣ በእጁ ግሉኮስ፣ በጎኑ መግል ማውጫ ይገባለታል። አንዳንዱ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይመለሳል። ሁለቱን የሚለያያቸው በአብዛኛው ሰዓት ነው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ደግሞ ሆስፒታል በር ላይ አይደለም፤ ልጁ «ሆዴን» ካለበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ትርፍ አንጀት ትንሿን ጣት የምታክል፣ ጫፏ የተዘጋ ቱቦ ናት። በቀኝ በኩል ከታች፣ ትልቁ አንጀት ሲጀምር ላይ ተንጠልጥላ ትገኛለች። አፏ በደረቀ ሰገራ ወይም በአካባቢው ባበጠ ዕጢ ሲዘጋ ውስጧ ይወጠራል። ደም እንደ ልብ አይደርሳትም። ግድግዳዋ እየሞተ ይሄድና ትቀደዳለች። ሕመሙ ከጀመረ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ የመፈንዳት ዕድሏ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ከቆዩት መካከል ብዙዎቹ ላይ ፈንድታ እናገኛታለን። ትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። ከ5 ዓመት በታች ሆነው ትርፍ አንጀት ከሚይዛቸው ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ፈንድቶባቸዋል። እነሱ ሕመሙን መናገር አይችሉም። በዚያ ላይ ሆድ ውስጥ የቆሰለውን ቦታ ሸፍኖ የሚያጥረው የስብ መጋረጃ ገና አልጠነከረላቸውም። መግሉ ሳይታገድ ይሰራጫል።

«የእሱ እኮ እምብርቱ ላይ ነው»

ትርፍ አንጀት በቀኝ በኩል እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። ስለዚህ ልጁ እምብርቱን ሲያሳይ ቤተሰብ ይረጋጋል። ይህ ትልቁ መዘናጊያ ነው። ሕመሙ ሲጀምር እምብርት አካባቢ መሆኑ የተለመደው ነው። ከትርፍ አንጀት የሚነሳው ነርቭ ወደ ጀርባ አጥንት የሚገባው የእምብርት ነርቭ በሚገባበት ቦታ ነው፤ አንጎል ሁለቱን አይለያቸውም። ሕመሙ ወደ ቀኝ ታች የሚወርደው ከሰዓታት በኋላ፣ እብጠቱ የሆድን ግድግዳ ከውስጥ የለበሰውን ስስ ሽፋን ሲነካ ነው። ወደ ቀኝ እስኪወርድ የጠበቀ ሰው ከሁሉ የሚሻሉትን ሰዓታት አሳልፏል።

ከቦታው ይልቅ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ሕመም ነው። ቀጥሎ ልጁ ምግብ ይጠላል። ከዚያ ያስመልሰዋል። ትኩሳቱ ይከተላል፤ መጀመሪያ ላይም ያን ያህል ከፍ አይልም። ምግብ ያልተስማማው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ማስመለሱ ይቀድማል፣ ቁርጠቱ ኋላ ይመጣል። ይህ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ግን ማታ ላይ «ልሂድ ወይስ ልቆይ» ለሚል ወላጅ ይረዳል።

ሌላም ቤት ውስጥ ማየት የምትችሉት ነገር አለ። ልጁን አቁሙትና በአንድ እግርህ እንጣጥ በል በሉት። ተራ ቁርጠት ያለበት ልጅ እየተነጫነጨም ቢሆን ይዘላል። ሆዱ ውስጥ እሳት ያለበት ልጅ እግሩን ያነሳና ይቆማል። ወይም አንዴ ይዘልና ቀኝ ጎኑን ይዞ ጎንበስ ይላል። ሲያስልም ፊቱ ይለወጣል። ሐኪሞች የልጆችን ትርፍ አንጀት ለመገመት ነጥብ ሲይዙ ይህ መዝለልና ማሳል ነጥብ አለው። ባጃጅ ጉድጓድ በመታ ቁጥር የሚጮህ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወጡ መኪናው በተናጠ ቁጥር ሆዱን የሚይዝ ልጅም እንደዚያው ነው። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ «መንገድ ላይ እንዴት ነበር?» ብለን የምንጠይቀው ለወሬ አይደለም።

የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ አይዘልላችሁም፣ ቦታም አያሳያችሁም። እሱን የምታውቁት በሌላ ነው። ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፎ ይተኛል። ሲያነሱት ይጮሃል፣ ሲያስቀምጡት ዝም ይላል። ብዙ ጊዜም ተቅማጥ ይኖረዋል። «ተቅማጥ ስላለው ትርፍ አንጀት አይሆንም» የሚባለው ስህተት ነው። ያበጠው ትርፍ አንጀት ወደ ዳሌ ወርዶ የታችኛውን አንጀት ሲነካ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣል።

የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣትና ሆድ ማሸት

«ወስፋት ነው፣ ሆዱ ይታጠብ» ብለው እንቆቆ፣ ኮሶ፣ መተሬ ወይም የጉሎ ዘይት የሚያጠጡ አሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ልጅ ሲሰቃይ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። ግን ማስቀመጫ አንጀትን በኃይል ያንቀሳቅሰዋል። ለመቀደድ የደረሰች ቱቦ ባለችበት ሆድ ውስጥ ይህ መደረግ የለበትም። በቅቤ ጠበቅ አድርጎ ማሸትም እንደዚያው ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ያለበትን ልጅ አታሹት፣ የሚያስቀምጥ ነገርም አታጠጡት።

ዳማከሴ ግንባሩ ላይ ብትቀቡት አልከራከርም። ዱዓ ይደረግለት፣ ይጸለይለት። ይህን ግን ከሐኪም ቤት በፊት ሳይሆን ወደ ሐኪም ቤት እየሄዳችሁ አድርጉት። ጠበል የምታጠጡም አንድ ነገር አስቡ። ሆዱ በውሃ የተሞላ ልጅ ማደንዘዣ ሲሰጠው ውሃው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠበሉን ፊቱ ላይ እርጩት፤ ብዙ ማጠጣቱ ይቆይ።

«ዛሬ እኮ ተሽሎት ነበር»

ከሁሉም ስህተቶች መርጠሽ አንዱን ብቻ ንገሪ ብባል ይህንን እናገራለሁ። ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ ከመጡ ልጆች ቤተሰቦች ደጋግሜ የምሰማው ቃል ነው። «ትናንት ማታ ሲጮህ አደረ፣ ንጋት ላይ ተወት አደረገው፣ እኛም ተኛን።» እውነታቸውን ነው። ተወጥራ የነበረችው ቱቦ ስትቀደድ ውጥረቱ ይለቀቃል። ሕመሙም ለጥቂት ሰዓታት ጋብ ይላል። ያን ጊዜ ግን መግሉና ሰገራው ወደ ሆድ ዕቃው እየፈሰሰ ነው።

ታዲያ እውነተኛውን መሻል ከዚህ በምን እንለየው? እውነት የተሻለው ልጅ ይርበዋል። ከአልጋ ይወርዳል። ከወንድሙ ጋር ይጣላል። ሩጫውን ይጀምራል። የፈነዳበት ልጅ ግን ጩኸቱን ብቻ ነው የተወው። ዝም ብሎ ይተኛል። በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ያጥፋል፣ መገላበጥ አይፈልግም። ጋቢው ሆዱ ላይ እንዲያርፍ እንኳን አይፈቅድም። አተነፋፈሱ አጭር አጭር ነው፣ ሆዱ አብሮት አይነሳም። እጃችሁን ደረቱ ላይ ብታደርጉ ልቡ ይሮጣል። ምግብ አይጠይቅም። ውሃ ግን ይጠማዋል። ከሰዓታት በኋላ ትኩሳቱ ከፍ ይላል፣ ሆዱ ይነፋና እንደ ጣውላ ይደርቃል።

ጠዋት ላይ እንዲህ ጸጥ ያለ ልጅ ካያችሁ «እንቅልፍ ወሰደው» ብላችሁ ለሥራ አትውጡ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው የሚገቡ እናቶች ልጁን ተኝቶ ነው የሚያገኙት። ቀስቅሱት። አቁሙት። እንጣጥ በል በሉት።

የታይፎይድ ወረቀት ይዞ ቤት መመለስ

ልጁ ያተኩሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ላቦራቶሪ ይላካል። «ታይፎይድ አለበት» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ቤተሰብ እፎይ ይላል፤ ስም ያለው በሽታ ተገኘ። መድኃኒቱ ይገዛል፣ ልጁ ቤት ይገባል። በአራተኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ እኛ ጋ ይመጣል።

በየቦታው ለታይፎይድ የሚሠራው የደም ምርመራ ዊዳል ይባላል። ሰውነት የሠራውን መከላከያ እንጂ ጀርሙን ራሱን አያሳይም። ከዚህ በፊት ታይፎይድ የነበረበት ልጅ፣ ሌላ ተመሳሳይ ኢንፌክሽን ያገኘውም ጭምር «አለበት» ሊባል ይችላል። አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል ለብቻው ምንም አያረጋግጥም። ደግሞም እውነት ታይፎይድ ቢሆን እንኳን የሆድ እንደ ጣውላ መድረቅ ዝም አይባልም። ያልታከመ ታይፎይድ ራሱ፣ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ምንም ይጻፍ፣ ሆዱ እንደ ጣውላ የደረቀ ልጅ የቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሌሎቹ ወረቀቶችም ያሳስታሉ። ሰገራ ላይ አሜባ ወይም ጃርዲያ መታየቱ ትርፍ አንጀት የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ያበጠው ትርፍ አንጀት የሽንት ፊኛውን ከነካ ሽንት ላይ ነጭ የደም ሴል ይታያልና «የሽንት ኢንፌክሽን» ይባላል። በባቲና በሀርቡ በኩል ካሉ ቆላ ሰፈሮች ለሚመጡ ወባም አለ። ወባው ተገኝቶ ታክሞ ሆዱ ግን እየባሰበት የሚሄድ ልጅ ተመልሶ ይታይ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፋርማሲ ሄዶ «ጠንከር ያለ» አንቲባዮቲክ መግዛት ይመጣል። ይህ ነገሩን ያወሳስበዋል። መድኃኒቱ ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ሕመሙን ይሸፍነዋል። ከስር ያለውን ግን አያጠፋውም። ልጁ በግማሽ ታክሞ ሆዱ ውስጥ መግል ቋጥሮ ይመጣል።

ስለዚህ ጤና ጣቢያም ይሁን ክሊኒክ፣ ምርመራ ከመታዘዙ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «ሆዱን በእጅዎ አዩልኝ?» ልጁ ተኝቶ፣ ልብሱ ተገልጦ፣ ሆዱ ተዳስሶ መታየት አለበት። ወንድ ልጅ ከሆነ ቆለጡም ይታይ። ቆለጥ ሲጠማዘዝ ሕመሙ ሆድ ላይ የሚሰማቸው ልጆች አሉ፤ አፍረውም አይናገሩም። ለእሱ ያለው ጊዜ ደግሞ ከትርፍ አንጀትም ያጠረ ነው። 6 ሰዓት ገደማ ብቻ።

«አልትራሳውንዱ ነጻ ነው አለ»

አልትራሳውንድ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጨረር የለውም፣ ለልጅ ተመራጭ ነው። ግን «ትርፍ አንጀቱ አልታየም» እና «ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ነው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንጀት በአየር ከተነፋ አይታይም። ከፈነዳ በኋላ ደግሞ ቱቦዋ ስለምትሟሽሽ ይበልጥ ታስቸግራለች። ውጤቱን ስትቀበሉ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሕመሙ ከቀጠለ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና መታየት ነውር የለውም። የደም ምርመራውም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ጤናማ ሊሆን ይችላል።

ስለ ማስታገሻ

ቤት ውስጥ በየ4 ሰዓቱ ማስታገሻ እየሰጡ «ጋብ አለለት» ማለት አይበጅም። አንዴ በኪሎው ልክ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ ወደ ሕክምና ጉዞ መጀመር ግን ኃጢአት አይደለም። ሰዓቱን ብቻ ንገሩን። ሆስፒታል ከገባ በኋላ ደግሞ «ምርመራውን እንዳይሸፍን» ተብሎ ልጅ በሕመም መሰቃየት የለበትም። በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጠንካራ ማስታገሻ የሐኪሙን ፍርድ እንደማያሳስት አሳይተዋል። ለልጃችሁ ማስታገሻ ጠይቁ።

ፈራሚ መጠበቅና ባዶ እጅ መምጣት

ወሎ ውስጥ ብዙ ልጆች አያት ጋ ነው የሚያድጉት። እናት ሳውዲ ናት፣ ወይም ቤሩት። አባት አንዳንዴ አዲስ አበባ ነው። ልጁ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ሲባል አያት ይደነግጣሉ። «እናቱ ሳትሰማ እንዴት እፈርማለሁ?» ይላሉ። ስልክ ይደወላል። አይነሳም፤ እሷም ሰው ቤት ሥራ ላይ ናት። እስክትገኝ ሌሊቱ ይነጋል። እማማ፣ አብሽሩ። በድንገተኛ ጊዜ ልጁን የሚያሳድገው፣ አብሮት ያለው ሰው ይፈርማል። ፊርማው ቀድሞ ስልኩ ይከተል። ልጆቻችሁን አያት ጋ ትታችሁ የሄዳችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ «ልጄ በድንገት ቢታመም እኔን አትጠብቁ፣ ፈርሙ» በሉ። ይህ የአንድ ደቂቃ ወሬ ነው።

ከወረኢሉ፣ ከተንታ፣ ከኩታበር ወይም ከከሚሴ በኩል ለምትመጡ መንገዱ ራሱ ሰዓት ይበላል። ሪፈር ሲጻፍላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ግሉኮሱ እዚያው ተጀምሮ መንገድ ላይ ይቀጥላል ወይ? የመጀመሪያው አንቲባዮቲክስ ከመነሳታችን በፊት ይሰጠዋል ወይ? ልጁ ፈሳሽና መድኃኒት እያገኘ ቢመጣ እኛ ጋ ሲደርስ ለኦፕራሲዮን የሚዘጋጅበት ጊዜ ያጥራል። መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የጤና መድን ካርዱንና የሪፈር ወረቀቱን አትርሱ።

ጠንካራ ምግብ አትስጡት። «ባዶ ሆዱን አይሂድ» ብሎ እንጀራ ማጉረስ ኦፕራሲዮኑን ያዘገየዋል፤ ከምግብ በኋላ 6 ሰዓት ይጠበቃልና። የሚጠባ ሕፃን ከሆነ የመጨረሻውን የጠባበትን ሰዓት ያዙ። ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፉ፦ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ መጀመሪያ ያስመለሰበት ሰዓት፣ የበላበት ሰዓት፣ የወሰደው መድኃኒት፣ ኪሎው። መጻፍ ለማይችል ሰው ጎረቤት ይጻፍለት። ይህ ወረቀት ከምታመጡት ሁሉ ይበልጥብናል።

«ለምን አሁኑኑ አይቀድዱትም?»

እዚህ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። እስካሁን ፍጠኑ ስል ቆይቼ አሁን ታገሡ ልላችሁ ነው። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ልጅ ሲያስመልስ፣ ሲያተኩሰው፣ ሆዱ ውስጥም ፈሳሽ ሲጠራቀም ሰውነቱ ደርቋል። እንዲህ ሆኖ ማደንዘዣ ቢሰጠው የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጠዋል። ሽንቱ ይለካል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሰዓት ቢያንስ 20 ሚሊ ሊትር ሽንት እስኪሰጥ እንጠብቃለን። ቱቦው ሽንቱ ላይ የገባው ለዚህ ነው። በአፍንጫ የገባው ደግሞ ሆዱን ባዶ ለማድረግ ነው። አንቲባዮቲክስም ወዲያው ይጀመራል። እዚህ አገር በብዛት የሚሰጡት ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል፣ ማለትም ፍላጅል፣ ናቸው፤ አንዱ ያልደረሰበትን ጀርም ሌላው ይመታል። እነዚህ ሰዓታት ባዶ ጥበቃ አይደሉም። ሕክምናው ተጀምሯል።

አንዳንዴ ደግሞ ሐኪሙ «አሁን አንቀድደውም» ይላል። ቤተሰብ ይቆጣል፣ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስድ ይነሳል። ልጁ ከመጣ ቀናት አልፈው፣ ሰውነቱ የተቀደደውን ቦታ በአንጀትና በስብ አጥሮ ዕብጠት ከሠራ፣ ያንን ማፍረስ ጤነኛ አንጀት ሊጎዳ ይችላል። የቀረው የሆዱ ክፍል ለስላሳ ከሆነና ልጁ ካልተዳከመ፣ በአንቲባዮቲክስ ማብረድ፣ መግል ከቋጠረ በአልትራሳውንድ እየታየ ማፍሰስ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ይዞ ትርፍ አንጀቱን ማውጣት የታወቀ መንገድ ነው። መግሉ ባልታጠረበት፣ ሆዱ በሙሉ በደረቀበት ልጅ ግን ይህ አይሠራም። እሱ ይቀደዳል፣ ሆዱ ይጸዳል።

መግሉን አፍስሶ የመታገሡ መንገድ ለድሃ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 1902 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የትርፍ አንጀት መግል ቋጥረው ተገኙ። ሐኪማቸው ፍሬድሪክ ትሪቭስ መግሉን ብቻ አፍስሶ ትርፍ አንጀቱን ተወው። በዓሉ ወደ ነሐሴ ተላለፈ፣ ንጉሡም ድነው ዘውዳቸውን ጫኑ። የአፄ ምኒልክ መልእክተኛ ሆነው በዚያ በዓል ላይ የተገኙት ራስ መኮንን ነበሩ። ንጉሥ የታገሡትን እኛም ለልጃችን ብንታገሥ ምንም አይደለም።

ከኦፕራሲዮን በኋላ

ሐኪሙ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ «ተሳክቷል» ሲል እልል ይባላል። ደስታው ይገባል። ግን ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ለነበረ ልጅ ይህ የመንገዱ አጋማሽ ነው።

ምግብ ላይ ብዙ እንጣላለን። ሆዱ በመግል የተመረዘ ልጅ አንጀቱ ለቀናት ሥራ ያቆማል። ጠያቂ ደግሞ ጭማቂ፣ ሙዝ፣ ዶሮ ወጥ ይዞ ይመጣል። «በረሃብ ልትገድሉት ነው?» ይላል። በአፍንጫው ቱቦ የሚወጣው አረንጓዴ ፈሳሽ ሲቀንስ፣ ሆዱ ሲሟሽሽ፣ ልጁ ፈሱን ሲለቅ ያን ጊዜ ውሃ በማንኪያ ይጀመራል። ከዚያ አጥሚት፣ ከዚያ ሾርባ። በየጠዋቱ «ፈስ ወጣው?» ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። አትፈሩ፣ ደስ ብሏችሁ ንገሩን።

ቁስሉ ክፍት ሆኖ ሲያዩ «ረስተው ነው ያልሰፉት» የሚሉ አሉ። አልተረሳም። መግል በነበረበት ሆድ ላይ ቆዳን ወዲያው መዝጋት ኢንፌክሽኑን ከውስጥ ሊዘጋበት ስለሚችል ሐኪሙ አንዳንዴ ለጥቂት ቀናት ክፍት ይተወዋል። ቅቤ፣ ቡና፣ ማር አታድርጉበት። ከሆዱ የወጣው ቱቦም ስላሳከከው ወይም ስለቀነሰ አይነቀልም።

በማግስቱ ይነሳ፣ ይራመድ። እያመመውም ቢሆን ማስታገሻ ወስዶ ይነሳ። መተኛት ሳንባውንም አንጀቱንም ያሰንፋል።

አንቲባዮቲክሱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይሄዳል። መጀመሪያ በመርፌ፣ ምግብ ሲጀምር በአፍ። ትኩሳቱ ጠፋ ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቆም፣ ወይም የተረፈውን ለእህቱ ማስቀመጥ አይሆንም።

ቤት ከገቡ በኋላ የሚረሳው

ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳት ተመልሶ ቢመጣ «ብርድ መታው» አትበሉ። ደሴ ብርዷ ይታወቃል፣ እዚህ ላይ ግን ጥፋተኛው ብርዱ አይደለም። ሆድ ውስጥ የቀረ መግል ሊሆን ይችላል፤ ፈንድቶ ከነበረ ያጋጥማል። በተለይ ልጁ ቶሎ ቶሎ ንፍጥ የመሰለ ሰገራ እያስቀመጠው፣ ሽንቱም እየቆጠቆጠው ካተኮሰው፣ መግሉ ዳሌ ውስጥ ተቀምጦ የታችኛውን አንጀት እየነካ ሊሆን ይችላል። ለተቅማጥ መድኃኒት ገዝታችሁ አትዋሉ፣ ወደ ቀደዱት ሐኪሞች ተመለሱ።

አረንጓዴ ትውከት፣ ሆድ መነፋት፣ ሰገራም ፈስም አለመውጣት ሲደመሩ ደግሞ አንጀት ተጣብቆ ተዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ከሳምንታት በኋላ፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከዓመት በኋላም ቢሆን ይህን ልጅ ለሚያየው ሐኪም ሆዱ ተቀድዶ እንደነበር ንገሩት። ጄሪካን ውሃ ማሸከሙም ለጥቂት ሳምንታት ይቅር፤ በሆድ በትልቁ ለተቀደደ ልጅ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው።

ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ጠይቁ፦ «ትርፍ አንጀቱ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» መግሉ ብቻ የፈሰሰለት ልጅ ቤተሰብ ጠባሳውን አይቶ «ወጥቶለታል» ይላል። ከወራት በኋላ ያው ሕመም ሲመለስ «እሱ እኮ ተቀድዷል» ብሎ ይዘናጋል። መልሱን መውጫ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ፣ ቀጠሮውንም እዚያው ላይ። ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱትና ለአያትም ለእናትም ላኩላቸው።